ብዙ የሄደ ናፍጣ መኪና፦ አገዛዙና አያያዙ

መኪናዬን ስገዛት ቆጣሪዋ ላይ 312,000 ኪሎሜትር ነበር። የሰማ ሁሉ "አብደሻል እንዴ?" አለኝ። ዛሬ 547,000 አልፋለች። ሞተሯ ለሙሉ ጥገና ወርዶ አያውቅም። ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አንድ ጊዜ ተነስቷል፤ እሱም በእኔ ጥፋት ነው፤ እመጣበታለሁ። ከእሷ በፊት ግን 140,000 ብቻ የሄደ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ ናፍጣ መኪና ነበረኝ። ዓመት ሳይሞላው ሞተሩ እጄ ላይ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ላይ ያለ ቁጥር አያስደነግጠኝም፤ አያስጎመጀኝምም። የምጠይቀው ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንደሄደ ነው።

ለምን ይቆያል?

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። አየሩን ከ14 እስከ 23 እጥፍ አምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ቤንዚን ሞተር የሚያምቀው ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 እጥፍ ነው። ይህን ጫና እንዲችል የናፍጣ ሞተር ብሎኩም (ዋናው አካሉ) ፒስተኑም ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ዙሩም ዝቅ ያለ ነው። ነዳጁ ራሱ ደግሞ ቅባትነት አለው።

ስለ ናፍጣ ጥንካሬ ሲወራ የግሪካዊው ታክሲ ነጂ የግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ ታሪክ አይቀርም። የ1976 ስሪት መርሴዲስ 240ዲ መኪናው 4.6 ሚሊዮን ኪሎሜትር ሄዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአምራቹ ሙዚየም ተሰጠች። እውነት ነው። ግን ሞተሯ በየጊዜው እየወጣ በሌላ ይተካ እንደነበር የሚያወራው ጥቂት ሰው ነው። ሰውየው መኪናዋን ይንከባከብ ነበር እንጂ ተአምር አልጠበቀም።

ደግሞም ዛሬ የሚሸጡት ናፍጣዎች እንደዚያች መኪና ቀላል አይደሉም። የነዳጅ ግፊታቸው 2,000 ባር ይደርሳል፤ አንዳንዱም ያልፈዋል። የትንሽ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) ዘንግ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ብሎኩ ይቆያል፤ የሚገድለው በዙሪያው ያለው ነው።

የመጀመሪያዋ መኪናዬ እንዴት እንደሞተች

ሰፈር ለሰፈር የምትነዳ ነበረች። አምስት ደቂቃ ሄዳ ትቆማለች፤ ተነስታ ደግሞ አምስት ደቂቃ ትሄዳለች። የጭስ ማጣሪያ፣ ማለትም ዲፒኤፍ፣ ነበራት። ይህ ማጣሪያ ጥላሸቱን ይሰበስብና ሲሞላ በ600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያቃጥለዋል። ያን ሙቀት ለማምጣት ሞተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ መሃል ላይ አጠፋታለሁ። ያልተቃጠለው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ተንሸራቶ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሳወጣ መጠኑ በየወሩ ከፍ ይላል። ምን ብዬ ነበር? "ጎበዝ፣ ይቺ መኪና ዘይት አትበላም!" እያልኩ እደሰት ነበር። ዘይት አይወልድም። የጨመረው ናፍጣ ነበር፤ ዘይቱን አቅጥኖ ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ልባስ) በላው። አንድ ቀን ከሥር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ጀመረች፤ አበቃ። ዘይት ሲቀንስ ሁሉም ይደነግጣል፤ ሲጨምር ግን የበለጠ ደንግጡ።

ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው ለምን ሥራ ይነዳት እንደነበር ነው። ረጅም መንገድ የሄደች 400,000 ሰፈር ውስጥ ከተጨናነቀች 150,000 ብዙ ጊዜ ትሻላለች። ቆማ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሠራችበትን ሰዓት ደግሞ ኪሎሜትር ቆጣሪ አይቆጥረውም።

ስትገዙ፦ ጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሞተር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። መኪናዋን ማታውን ሙሉ ቆማ ካደረች በኋላ እዩ። ለሻጩ "እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት" በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፋኖው ላይ አድርጉ። አንዴ እንዲህ ሳደርግ ሞቃት ሆኖ አገኘሁት። "እህቴ፣ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ነው እኮ" አለኝ። ምንም አላልኩም። በነጋታው ሳልነግረው ማለዳ ሄድኩ። ሞተሪኖው አሥር ሰከንድ ያህል ለፍቶ ነው ያስነሳት፤ ግቢውን ነጭ ጭስ ሞላው። የደከመ ኮምፕሬሽን (የሞተሩ አየር የማመቅ ኃይል) ሞቆ ሲነሳ ይደበቃል፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ ይጋለጣል።

ቁልፉን አብሩና የካንዴሌታዋ (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የምታሞቀው) መብራት እስክትጠፋ ጠብቁ። ከዚያ አስነሱ። ጤነኛ ሞተር በአንድ ሁለት ሰከንድ ይያዛል። ወዲያው ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጭሱን እዩ። ለጥቂት ሰከንድ ነጣ ብሎ ከጠፋ ችግር የለውም። ነጩ ከቀጠለና ዓይን የሚቆጠቁጥ የናፍጣ ሽታ ካለው አንዱ ሲሊንደር በደንብ እያቃጠለ አይደለም። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ውኃ እየገባ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ጥቁር በብዛት ከሆነ ደግሞ አየር አንሷል ወይም ነዳጅ በዝቷል፤ ከሁሉ ይህኛው በቀላሉ የሚስተካከልበት ዕድል አለው፤ አንዳንዴ የአየር ፊልትሮ ብቻ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ሽቅብ ገፍቶ ከጣለውና እንደ ባቡር ጭስ ካወጣ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል። ልብሳችሁን ግን ጠብቁ፤ የአንድ ነጭ ሸሚዜን ዕጣ ፈንታ አልነግራችሁም።

የዘይቱ መጥቆር አያስፈራችሁ። የናፍጣ ዘይት በተቀየረ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፤ ሥራው ጥላሸት መያዝ ነውና። እኔን የሚያጠራጥረኝ ማር የመሰለ ዘይት ነው። ትናንት ለምን ተቀየረ?

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ክፈቱ። ላዩ ላይ የዘይት ቅባት አለ? ሞተሩ ተነስቶ ውኃው ሳያቋርጥ አረፋ ያወጣል? ተመልሶ ተከድኖ ደግሞ የላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ በአንድ ደቂቃ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል? ከእነዚህ አንዱ ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ጋዝ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን ከወደዳችኋት ኮምፕሬሽን አስለኩ። ብዙ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ከ25 እስከ 35 ባር ያሳያል፤ የየሞተሩን ልክ መጽሐፉ ይነግራችኋል። እኔ የማየው ግን እኩልነቱን ነው። አራቱም 26 ቢሆኑ እገዛለሁ። ሦስቱ 31 ሆነው አንዱ 22 ከሆነ ትቼ እሄዳለሁ። ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ካላት ደግሞ ከየኢንጀክተሩ በመመለሻው ቱቦ የሚመጣው ናፍጣ በየብቻ ጠርሙስ ይለካ። ቶሎ የሞላው ጠርሙስ የተበላው ኢንጀክተር ነው።

የፔዳል ላስቲክ፣ የመሪ ቆዳና የሹፌር ወንበር ጠርዝም ይመስክሩ። ላስቲኩ እስከ ብረቱ አልቆ ቆጣሪው 90,000 ካለ፣ የሚዋሸው ላስቲኩ አይደለም።

ከገዛችሁ በኋላ

ሻጩ "ባለፈው ወር ነው የተቀየረው" ቢልም ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹን፣ የራዲያተሩን ፈሳሽና የታይሚንግ ቺንጊያውን (የፒስተኑንና የባልቦላውን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን ቀበቶ) ቀይሩ። በተለይ ቺንጊያውን። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑና ባልቦላው (የአየርና የጭስ በሩ) የሚተላለፉት ለጥቂት ነው፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ይጋጫሉ። በብዙ የቆዩ ሞተሮች የሚቀየረው በ100,000 ኪሎሜትር ነው። በቺንጊያ ፈንታ ካቴና (ሰንሰለት) ያላቸው ከዚህ ነፃ ናቸው፤ ጠዋት ሲነሱ ከፊት በኩል የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ግን እሱም ይታይ።

ዘይቴን በየ7,000 እቀይራለሁ። የአምራቹ መጽሐፍ ከዚያ በላይ ይፈቅዳል፤ ግን እሱ ሲጻፍ መኪናዋ አዲስ ነበረች። ዲፒኤፍ ካላችሁ አመድ የማያበዛውን ዘይት ተጠቀሙ።

ናፍጣ ውስጥ ውኃ የፖምፓና የኢንጀክተር ጠላት ነው። ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር ማፍሰሻ ካላት በየወሩ ላላ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ጠርሙስ አውጡ። ውኃው ከታች ተለይቶ ይታያል። ነዳጁን እስከ መጨረሻው አታሟጡ። በስህተት ቤንዚን ከተቀዳ ደግሞ ቁልፉን ጭራሽ አትንኩ። ቁልፍ ማብራት ብቻውን የነዳጁን ፖምፓ ሊያስነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ራዲያተሩ በጎደለ ቁጥር ተራ የቧንቧ ውኃ እጨምር ነበር፤ ለዓመታት። ዝገቱ ቀስ እያለ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ደፈናቸው። በሜዳ አይታወቅም። አንድ ቀን ተጭና ረጅም ዳገት ስትወጣ የሙቀት መርፌዋ መነሳት ጀመረች። "ጫፍ ላይ ስደርስ አቆማለሁ" አልኩ። አንድ ኪሎሜትር አይሆንም የቀረው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ሲግሉ እኩል አይለጠጡም። ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፤ ቴስታታው ተጣመመ። የፈታልኝ ሽማግሌ ሜካኒክ መርፌዋ ስትነሳ አይቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። "አይቻለሁ፣ ጋሼ" አልኩ። "ታዲያ ለማን ብላ ነው የተነሳችው፣ ልጄ?" አለኝ።

አሁን ኩላንቱን ከተጣራ ውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ አደርጋለሁ፤ በየሁለት ዓመቱ እለውጣለሁ። "ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚይዘውን) አውጪው፣ ትቀዘቅዛለች" የሚላችሁን አትስሙ። የሥራ ሙቀቱ ላይ የማይደርስ ሞተር ዘይቱን ያበላሻል፣ ነዳጅ ይበላል።

ቱርቦ ላይ ብዙ አልልም። ስታስነሱ ወዲያው አታጩኹት፤ ከከባድ ዳገት በኋላ ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። በተረፈ መኪናዋን አታሞላቅቋት። ከሞቀች በኋላ በሳምንት አንዴ ለ20 ደቂቃ ከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ 3,000 ዙር አስጠግታችሁ ንዱ። ዲፒኤፉም ይጸዳል፤ ኢጂአሩም (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ጥላሸት ቶሎ አይሞላውም።

አንድ አስፈሪ ነገር ግን እወቁ። የቱርቦው ማኅተም ከተበላ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ፣ ቁልፍ ተነቅሎም ዙሩ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ማንዋል ከሆነች ፍሬኑን በኃይል ይዛችሁ ከፍተኛውን ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፤ ይታፈናል። አውቶማቲክ ከሆነች ወርዳችሁ ራቁ። የአየር መግቢያውን በእጅ ለመድፈን አትሞክሩ።

በመጨረሻ፣ ደብተር ያዙ። የእኔ የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ናት፤ ጠርዟ ዘይት ነክቶታል። ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ስንት ዘይት ተጨመረ፣ ምን ተቀየረ። ዘይት መብላት መጀመሯን ከጭሱ በፊት የሚነግረኝ እሱ ነው። ያለፈው ሳምንት መስመር እንዲህ ይላል፦ "547,180። የናፍጣ ፊልትሮ ተቀየረ። ውኃ አልተገኘም። ዘይት ከባለፈው ቅያሪ ወዲህ ግማሽ ሊትር ተጨምሯል።"