አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልክ፣ ስድሳ ተማሪ፦ የሳይንስ መምህር ዲጂታል መሣሪያን እንዴት ለትምህርቱ ያውለው?

በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው ፕላዝማን፣ ያንን የክፍል ቴሌቪዥን፣ አይረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ፣ በእንግሊዝኛ ይሮጥ ነበር፤ ለመምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈው ነበር። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይቆምለትም ነበር። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ባልደረቦቼን ኮምፒውተር ሳለማምድ ዛሬም የማስበው ስለዚያ የማይቆም ስክሪን ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ መምህሩ ስክሪኑን ሲፈልግ እያቆመ ተማሪውን የሚያናግርበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ የሚያስቸግረውን ቦታ ይምረጡ

"የትኛው አፕ ይሻላል?" ብለው አይጀምሩ። ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት አውጥተው ብዙ ተማሪ የሳተውን ጥያቄ ይፈልጉ። ፊዚክስ ላይ አንዱ ሁሌም ይገኛል፦ ሁለት አምፖል በሲሪየስ (በአንድ መስመር ተከታትሎ) ሲያያዝ ብዙው ተማሪ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) "ይበላና" ለሁለተኛው ትንሽ ይተርፋል ብሎ ያምናል። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ቢጻፍ ይህ እምነት አይነቀልም። ስክሪን የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አሲድና ቤዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከርከዴ አፍልተው በሁለት ብርጭቆ ይቅዱ፤ በአንዱ ሎሚ፣ በሌላው የተጣራ የአመድ ውሃ ይጨምሩ። አንዱ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ይህን በእጁ ማድረግ የሚችልን ተማሪ ኮምፒውተር ፊት ማስቀመጥ መበደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ኢንተርኔት ባለበት ያውርዱ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ይሞክሩ

ለፊዚክስም ለኬሚስትሪም ለባዮሎጂም የምመክረው ፌት (PhET) የሚባሉትን ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎችን፣ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁ ናቸው፤ ሥራውን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዊማን ነው። ክፍያ የላቸውም። አዲሶቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፋይል ሆነው ይወርዳሉ፤ ፋይሉን በክሮም መክፈት ነው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

በፍላሽ ሲያዟዙሩ ቫይረስ ያስፈትሹ። ከዚያም ከትምህርቱ በፊት ባለው ቀን ዋይፋዩን አጥፍተው ፋይሉን ይክፈቱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ማታ ቤቱ ያየው ገጽ የወረደ ይመስለውና ጠዋት ክፍል ውስጥ ነጭ ስክሪን ይጠብቀዋል።

ተማሪው ሳይገምት ስክሪኑን አይክፈቱ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርዎት።

ፕሮጀክተሩ እንደጠፋ ይቆይ። ሰሌዳው ላይ ባትሪና ሁለት ተመሳሳይ አምፖል በሲሪየስ ይሳሉ። የሚያስፈልጉትን የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ከረንት፣ ቮልቴጅ፣ ሬዚስታንስ፣ በጎን በኩል ይጻፉ፤ ሲሙሌሽኑ ላይ የሚያዩአቸው እነሱን ነውና። ከዚያ ይጠይቁ፦ የትኛው አምፖል ይበልጥ ይደምቃል? ሀ፣ የመጀመሪያው። ለ፣ ሁለተኛው። ሐ፣ እኩል ናቸው። እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። እጅ አስወጥተው ቆጥረው ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። አሁን ጎን ለጎን የተቀመጡት ለሦስት ደቂቃ ይከራከሩ፣ በአማርኛም ቢሆን። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ብለን አፋቸውን ከዘጋነው የሚያስቡትን መቼም አንሰማም።

ስክሪኑ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። 9 ቮልት ባትሪ ከአንድ 10 ኦም አምፖል ጋር ያያይዙ፤ የከረንት መለኪያው (አሜትሩ) 0.9 አምፔር ያሳያል። ሁለተኛውን ተመሳሳይ አምፖል በሲሪየስ ይጨምሩ። አሁን አሜትሩን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በሁለቱ መካከል፣ ከሁለተኛው በኋላ ያስቀምጡት። ሦስቱም ቦታ 0.45 ነው።

እዚህ ላይ እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱና ዝም ይበሉ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። ቀጥሎ ይጠይቁ፦ "ሁለተኛውን አምፖል ስንጨምር የመጀመሪያውም ለምን ደከመ?" ይህን ጥያቄ ራሱ መልሶ ያስረዳ ተማሪ ስለ ሬዚስታንስ የገባው ነገር አለ።

የእጅ ባትሪ ድንጋይና ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ አምፖሎች ከተገኙ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ በእውን ያብሩት። "ኮምፒውተሩ እንዲህ ተብሎ ስለተሠራ ነው" የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው።

ስልክን እንደ መለኪያ ይጠቀሙ

በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። የእርስዎና የባልደረባዎ ሁለት ስልክ ይበቃል። በጀርመን የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፋይፎክስ (phyphox) የሚባል ነፃ አፕ አለ። በስልኩ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች ወደ መለኪያ ይለውጣቸዋል። ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የድምፅን ፍጥነት ለመለካት ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ ያውጡ። በሜትር 10 ሜትር ለክተው ጫፍና ጫፍ ላይ አንድ አንድ ተማሪ ያቁሙ፤ ስልኮቹ በየአጠገባቸው ይሁኑ። ሁለቱም ስልክ ላይ በድምፅ የሚነሳና በድምፅ የሚቆመውን ሰዓት ይክፈቱ። አንደኛው ተማሪ ያጨብጭብ፤ ሁለቱም ሰዓቶች ይነሳሉ፣ የሩቁ ትንሽ ዘግይቶ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ያጨብጭብ፤ ሁለቱም ይቆማሉ፣ አሁን ደግሞ የሚዘገየው የመጀመሪያው ነው። ሁለቱ ስልኮች ያሳዩት ጊዜ ልዩነት ድምፅ 20 ሜትር ለመሄድ የወሰደበት ጊዜ ነው። ልዩነቱ 0.058 ሰከንድ ቢመጣ፣ 20ን ለዚያ ሲያካፍሉ 345 ሜትር በሰከንድ ግድም ይሆናል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠበቀው 343 ነው።

በመጀመሪያ ሙከራ እንዲህ ላይገጥም ይችላል። ሌላው ተማሪ ጸጥ ማለት አለበት፤ ንፋስ ካለ ወይም ሰዓቱ በገደል ማሚቶ ከቆመ አፑ ውስጥ ያለውን የድምፅ መጠን ገደብ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። አምስቴ ደጋግመው አማካዩን ያስሉ። ቁጥሮቹ ለምን እንደተለያዩ መነጋገሩ ራሱ ትምህርት ነው። ደጋ ላይ የሚያስተምሩ ከሆነ "አየሩ ስለሚሳሳ የድምፅ ፍጥነት ይቀንሳል?" የሚል ተማሪ ይኖራል፤ የድምፅን ፍጥነት በአየር ውስጥ በዋናነት የሚወስነው ሙቀቱ እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኙም።

ባዮሎጂ ለሚያስተምሩ ባልደረቦች፦ የስልኩን ካሜራ ማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ አስጠግተው የሽንኩርት ልጣጭን ሴል ፎቶ ያንሱ። ስድሳ ተማሪ ተሰልፎ በየተራ አጎንብሶ ከሚያይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቶ "ኒውክለሱ የቱ ነው?" ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ

የሲሙሌሽኑን ሦስት አራት ምስል አስቀድመው አሳትመው ይያዙ። ግምቱና ክርክሩ መብራት አይፈልግም።

ባልደረባዎን ሲረዱ

የአንድ ቀን ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ብዙም ፍሬ ሲያፈራ አላየሁም። ሁለት መምህራን አንድ ትምህርት አብረው አዘጋጅተው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ሲያይ ግን ለውጥ ይመጣል። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ሰዓት ለዚህ ይዋል።

አንድ ጊዜ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ከቀራቸው የኬሚስትሪ መምህር ጋር ተቀመጥኩ። "ልጄ፣ እኔ ብነካው ይበላሻል" አሉኝ። "ጋሼ፣ አይበላሽም፣ ቢበላሽም እናስተካክለዋለን" ብዬ ማውሱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠኛውን ሲሙሌሽን ከፍተው ሩብ ሰዓት ሲነካኩ ቆዩና "ተማሪዎቼ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ከፊት ያለውን ቁጥር ትተው ከታች ያለችውን ትንሿን ቁጥር ይለውጣሉ" አሉ። ያን ዕለት ያዘጋጀነው ትምህርት ከዚያች አስተያየት ወጣ። ኮምፒውተር የሚችለው ወጣት የተማሪውን ስህተት እንደሳቸው አያውቅም፤ ሁለቱን አጣምሯቸው። ማውሱን ግን ከባልደረባዎ እጅ አይቀሙ፣ ቢዘገዩም።

ከትምህርቱ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የፋይሉ ስም፣ የጠየቁት ጥያቄ፣ ሀ ለ ሐ ላይ ስንት ስንት እጅ እንደወጣ፣ የት ላይ እንደተደናበሩ። ወረቀቱን ከፍላሹ ጋር ዲፓርትመንቱ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ። በመስከረም ያንን ክፍል የሚረከበው መምህር ከዚያው ይቀጥላል።