ከምጣድ ሥር ያለች ነፍሰ ጡር፦ ጭሱን እንዴት እንቀንስ?

ደሴ ብርድ ናት። ብርዱ በር ያዘጋል፣ የተዘጋ ማጀት ደግሞ ጭሱን ይዞ ያስቀራል። ለቤት የሚጋገር እንጀራ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው፤ ለሽያጭ የምትጋግር ሴት ግን በየቀኑ ለሰዓታት ከምጣዱ አትነሳም። በዚያ ላይ ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ኦክስጅኑ ሳሳ ያለ ነው።

ጥቁሩ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይሸሸዋል። የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይገባል፤ ከጽንሱ ደም የሚወጣውም ከእናቲቱ ደም ዘግይቶ ነው። ጭስ የበዛበት እርግዝና ሕፃኑ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ወይም ከ37 ሳምንት በፊት የመወለዱን ዕድል ይጨምራል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሲመጣ “እርግዝናው ነው” ተብሎ ይታለፋል። ከቤት ወጥተው አየር ሲያገኙ ቀለል ካለዎት፣ ወይም አብሮዎት የነበረ ሰው ራሱንም ካመመው፣ ጭሱን ይጠርጥሩ። ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂዱ።

ከማገዶው እንጀምር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሚሞቀው የሚጨሰው ይበልጣል። ቀጭን አድርገው ፈልጠው፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ አየር እንዲያልፍበት ደርድረው ያድርቁት። ኩበት ብዙ ይጨሳል፤ ሌላ ማገዶ ካለ ይተውት። በፌስታልና በፕላስቲክ ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ ትነት አለው። ጭሱ የሚበረታው እሳቱ እስኪያያዝ ድረስ ስለሆነ ሌላ ሰው ያቀጣጥልልዎት፣ ነበልባሉ ሲጠራ ይግቡ። ጠዋትና ማታ ከፋፍሎ ከመጋገር በአንድ ጊዜ መጨረስ ይሻላል፤ ሁለቴ ማቀጣጠል ሁለቴ መታጠን ነው።

ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ በር መክፈት ብቻውን አይበቃም። ከጣሪያው ሥር ሰፋ ያለ ቀዳዳ፣ በታች ደግሞ አየር የሚያስገባ በር ወይም መስኮት ያስፈልጋል። “ምርጥ” የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶ በእጅጉ ይቆጥባል፤ ጭስ ማውጫ ቱቦ ካልተገጠመለት ግን የቀረው ጭስ ያው እዚያው ቤት ነው የሚቀረው። ቱቦው ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ጥላሸቱም በየጊዜው ይጠረግ፤ ሲደፈን ጭሱ በአፉ ይመለሳል። የምድጃው መጋጠሚያ ከተሰነጠቀ በጭቃ ይምረጉት።

ከሁሉም የሚሻለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ በቀጭን ማራዘሚያ አይሰኩት፤ የራሱን መስመር ያዘርጉለት።

ነጠላ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ደቃቁን ብናኝ አያግድም። ኤን95 የተባለው ጭምብል ብናኙን ይይዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን እሱም አያስቀረውም።

ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅና በልብስ ስፌት ለምትሠሩ ችግሩ ሌላ ነው፦ የጥጥ ብናኝ፣ የእድፍ ማስለቀቂያ ትነት። ማሽንና ልብስ በአየር ግፊት አይነፋ፤ ብናኙ በሚስብ ማሽን ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ። የሕፃኑ አካል የሚሠራው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ስለሆነ ሆድ እስኪገፋ አይጠብቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው ለእናቲቱ ወይም ለጽንሱ ጎጂ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር እንዳለባት ይደነግጋል። የሐኪሙን ደብዳቤ ለአሠሪው ሲያስገቡ ቅጂውን ያስቀሩ። የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው።

ከወሊድ በኋላ ዋናው ጠንቅ አራስ ቤት የሚገባው ከሰል ነው። ፍም አመድ ሲለብስ “ጭሱ አለቀ” ይባላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አላለቀም። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። ወይባም ቢሞቁ ሕፃኑ አብሮ አይታጠን፣ ቤቱም አይዘጋ። ልጁን ማሞቅ ከሆነ ገላ ለገላ አቅፈው፣ ኮፍያ አድርገውለት፣ በጋቢ ይሸፈኑ። ከምጣድ ወይም ከፋብሪካ ሲመለሱ ልብስ ቀይረው፣ ፊትና እጅ ታጥበው ጡት ይስጡት።

ሕፃኑ ተረጋግቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። 60 ከደረሰ ወይም ካለፈ ደግመው ይቁጠሩ፤ አሁንም ያው ከሆነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ጡት እምቢ ካለ ሳያድር ሐኪም ቤት ይድረስ።