በቤት የሚሠራ የጨርቅ ማጣበቂያ፦ ሥራ የሚያበላሹ ስህተቶች

ኩዊልት የሚባለው ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ ነው። ከላይ ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ የተሰፋው ጨርቅ፣ መሃል ሙሌቱ፣ ከታች ገበሩ። በስፌት መኪና እስኪያያዙ ድረስ አንዱ ካንዱ ላይ መንሸራተት የለበትም። በእጅ የሚወሰውስ አለ። መርፌ ቁልፍ የሚደረድርም አለ። ውጭ አገር ያሉ ሰፊዎች ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ማጣበቂያ ይነፉበታል። ያ ቆርቆሮ በእሳት የሚያያዝ ጋዝ ስላለበት በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲይዝላችሁ አታስቸግሩት።

እኔ አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ፣ ማጣበቂያውን ከፉርኖ ዱቄት ሠርቼ በመርጫ ጠርሙስ እረጨዋለሁ። ልኩ ይህ ነው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ 2 ኩባያ የፈላ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ የፋርማሲ አልኮል። በቃ። ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ማጣበቂያ ምግብ ነው። እንደ ምግብ ይበስላል፣ እንደ ምግብ ይበላሻል፣ እንደ ምግብ አይጥ ይጠራል። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ መነስነስ

ይጓጉላል። አብሲት ለምትጥል ሴት ይህን መንገር አያስፈልግም። ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ እያማሰሉ ወደሚፈላው ውሃ ይጨምሩታል። ደረቅ ዱቄት ትኩስ ውሃ ሲነካው ላዩ ቶሎ ይበስልና ውስጡን እንደደረቀ ይዘጋበታል። የሚጓጉለው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ዱቄቱ ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መወፈር ስለሚጀምር ይህ ይበቃዋል። ቢሆንም ሁለት ሦስት ደቂቃ እየተማሰለ ይንተክተክ። በደንብ ያልበሰለ ዱቄት ጨርቁ ላይ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይዝም።

ሲበርድ አጥልሉት። የሻይ ማጥለያ ብቻውን አይበቃም፤ ስስ ንጹሕ ጨርቅ ወይም የታጠበ ስቶኪንግ ይሻላል። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር የመርጫውን ቀዳዳ ትደፍናለች። ከዚያ መርጫው ጭጋግ መንፋቱ ይቀርና ወፍራም ጠብታ ይተፋል። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይደርቃል።

አልኮሉን እሳት ላይ እያለ መጨመር

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አልኮል የሚገባው ማጣበቂያው ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ኤታኖል፣ ማለትም የፋርማሲው አልኮል፣ ባሕር ጠለል ላይ እንኳ በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ እዚህ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት። ትኩስ ድስት ውስጥ ስታፈሱት ተንኖ ይሄዳል። ትነቱ ደግሞ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ካገኘ ይያያዛል። ድስቱን አውርዱ፣ እጃችሁን ሳያቃጥል መንካት እስክትችሉ ጠብቁ፣ ከምድጃው ራቅ በሉ፣ ከዚያ ጨምሩ። ስትረጩም መስኮት ይከፈት፤ አጠገባችሁ ቡና እየተፈላ ከሆነ ቡናው ይቅደም።

ሳኒታይዘር አይተካውም። ብዙዎቹ ለእጅ ማለስለሻ ግሊሰሪን አላቸው፤ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

"ከወፈረ ይበልጥ ይይዛል" ማለት

አይይዝም። ወፍራሙ ከላይ ተጋግሮ ይቀራል። ቀጭኑ ግን ክሩ ውስጥ ይገባል። ማንኪያ ስትነክሩበት ከቀጭን አጥሚት የሳሳ መሆን አለበት። ከግማሽ ክንድ ትንሽ በለጥ ካለ ርቀት፣ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር፣ ስስ አድርጋችሁ ርጩ። ሙሌቱ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ርጩ፤ ሙሌት ይመጥጠዋል።

እርጥብ እያለ መስፋት

ብዙ ሥራ ያበላሸው ይህ ነው። የእኔንም ጭምር።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለእህቴ ልጅ አራስ ብርድ ልብስ እየሠራሁ ነበር። ከመርካቶ የገዛሁት አቡጀዲ ገበር፣ ላዩ ላይ ከቀሚስ የተረፈ ፖፕሊን። ረጨሁ፣ ደረብኩ፣ በመዳፌ ለስልሶ ሲታየኝ ደርቋል ብዬ መኪና ላይ አስቀመጥኩት። ለአንድ መስመር ያህል ጥሩ ሄደ። ከዚያ ክሩ መዝለል ጀመረ። መርፌውን ባነሳው ጫፉ ላይ ሊጥ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ከመኪናው ጥርስ ሥርም የሙሌት ጭረት ከማጣበቂያው ጋር ተቦክቶ ወጣ። ስፌቱን ተርትሬ ስገልጠው ገበሩ በሁለት ጣት ያህል ተሸብሽቧል።

የዱቄት ማጣበቂያ እርጥብ እያለ የያዘ ይመስላል፣ ግን እያዳለጠ ነው። የሚይዘው ሲደርቅ ነው። ጥቅምት ላይ በረንዳ ጥላ ሥር ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አንድ ሌሊት አድሮም ላይደርቅ ይችላል። ጫፉን ሳይሆን መሃሉን ዳስሱ፤ ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው። በጉንጫችሁ ብትነኩት ይበልጥ ታውቃላችሁ።

ካውያ ያግዛል። ከመሃል ወደ ዳር ተጫኑ፣ አትጎትቱ። ሙሌቱ ፋይበር (ፖሊስተር) ከሆነ ሙቀቱን ቀንሱና በላዩ ሌላ ጨርቅ አድርጉ። ፖሊስተር በኃይለኛ ካውያ ይቀልጥና ደርቆ ይቀራል፤ አይመለስም።

ሳይሞክሩ ሁሉም ጨርቅ ላይ መርጨት

ውሃ ነውና ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ይለቃል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ተጠንቀቁ። ቁራጭ ላይ ርጩ፣ ነጭ ጨርቅ ጫኑበት፣ እዩ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ከሆነ አስቀድሞ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ስፌቱን ይዞት ይሄዳል። ሐርና ከፋይ ላይ አልጠቀመውም። በእጅ መወስወስ ይሻላቸዋል።

ለትልቅ አልጋ ልብስም ብቻውን አትመኑት። ዳር ዳሩን መርፌ ቁልፍ አድርጉለት። ስትረጩም ግማሹን አጥፋችሁ፣ ግማሹን ጨርሳችሁ፣ ከዚያ ሌላውን።

በነጭ ኮላ መተካት

የእንጨት ሥራ ኮላ በውሃ አቅጥኖ የሚረጭ አይቻለሁ። ሲደርቅ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ታጥቦም አይወጣም። መርፌም ሊሰብር ይችላል።

ሠርቶ ማስቀመጥ

አንድ ማንኪያ አልኮል ከመበላሸት አያድነውም። ውጭ ከተቀመጠ በሁለት ሦስት ቀን ይኮመጥጣል፤ ሽታውን ከሩቅ ታውቁታላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ቢቆይ ነው። ጠርሙሱ ላይ "አይጠጣም" ብላችሁ ጻፉበት። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ ጭራሽ አታስቀምጡት፤ የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ሥሩ። ከጨረሳችሁ በኋላ መርጫውን በንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ንፉበት፤ ደርቆ ከደፈነ ጠርሙሱን መጣል ነው።

ሳያጥቡ ማጠፍ

ሥራው አምሮ ሲያልቅ ማጠብ አያጓጓም፣ ይገባኛል። ግን ውስጡ ያለው ዱቄት ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ አጥፋችሁ ካስቀመጣችሁት በረሮና አይጥ ያገኘዋል፣ በክረምት ደግሞ ይሻግታል። አይጥ የበላችው ኩዊልት ጎረቤቴ ቤት አይቻለሁ። ቀዳዳው የነበረው ልክ ማጣበቂያው በዛ ብሎ የተረጨበት ማዕዘን ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ አትሹት። ዱቄቱ እየራሰ ሲለቅ ውሃው ሩዝ የታጠበበት ይመስላል። ድፉት፣ ቀይሩት። ውሃው ጥርት ሲል ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና እጠቡት። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ዘርግታችሁ አስጡት። ሲደርቅ አንዱን ማዕዘን በጣታችሁ እጠፉት። ገታ ካለ ዱቄት ቀርቷል፣ አንድ ጊዜ ድገሙት።