ሚኒ ፒሲ ላይ ሊኑክስ ደርቦ ቪዲዮ ኢንኮድ ለማድረግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ገዝቶ፣ ዊንዶውሱን ሳያጠፉ ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) መደረብ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ላለ ትንሽ ቪዲዮ ቤት የሚያዋጣ ምርጫ ነው። ቦታ አይዝም፣ መብራት አይበላም። ነገር ግን ዊንዶውስ ላይ የለመዱት የኢንኮዲንግ (ቪዲዮን ጨምቆ የማውጣት) ፍጥነት ወደ ሊኑክስ በራሱ አይሻገርም። ቺፑ፣ ድራይቨሩና ፕሮግራሙ ሦስቱም መስማማት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ሥራው ሁሉ ወደ ፕሮሰሰሩ ይመለሳል፣ የ10 ደቂቃው ኤክስፖርትም ሰዓት ይፈጃል።

«ኮር አይ5 ነው» ተብሎ መግዛት

ዋናው ነገር ትውልዱ ነው። ክዊክ ሲንክ፣ ማለትም ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር የሚመጣው የቪዲዮ ኢንኮደር፣ ከ2011 ጀምሮ አለ፤ የሚችለው ግን በየትውልዱ ይለያያል። ከቪዲዮ መጭመቂያ ፎርማቶቹ 6ኛው ትውልድ ኤች.264ን እና 8 ቢት ኤችኢቪሲን (ኤች.265ን) ኢንኮድ ያደርጋል፤ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የመጣው በ7ኛው ነው። ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን ፎርማት በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ያሉት ኤቪ1 ያጫውታሉ እንጂ ኢንኮድ አያደርጉም። ርካሹ የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ትውልዱን ከሞዴል ቁጥሩ ያንብቡ፤ አይ5-6500ቲ 6ኛ፣ አይ5-7500ቲ 7ኛ ነው። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለበት ፕሮሰሰር ግራፊክስ ስለሌለው ክዊክ ሲንክም የለውም። በ6ኛውና በ7ኛው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ 7ኛውን ይውሰዱ።

ሊኑክሱን ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ መጫን

ቨርቹዋልቦክስ (ዊንዶውስ ውስጥ ሌላ ሲስተም የሚያስኬድ ፕሮግራም) ለእንግዳው ሲስተም የሚሰጠው የይስሙላ የግራፊክስ ካርድ ነው፤ ኢንኮደሩን አያሳየውም። ዲስኩን ከፋፍሎ በቀጥታ መጫን የግድ ነው። ከመጫንዎ በፊት ግን ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስተው ቀጥሎ ያለውን ፍተሻ ያድርጉ።

ስክሪኑ ስለሠራ ድራይቨሩ የተሟላ መስሎ መታየት

ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። ኡቡንቱ አብሮ የሚጭነው የኢንቴል ሚዲያ ድራይቨር ነጻው ቅጂ ነው። ምስል ያሳያል፣ ቪዲዮ በሃርድዌር ያጫውታል፤ ከኢንኮዲንጉ ግን የተቀነሰ ነገር አለ። በ6ኛና በ7ኛ ትውልድ ላይ ኤችኢቪሲ ኢንኮዲንግ ጭራሽ የለውም። መፍትሔው መልቲቨርስ ከሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም ማከማቻ ስሙ በ«ናን-ፍሪ» የሚያልቀውን የዚሁኑ ድራይቨር ቅጂ መጫን ነው።

ከዚያ ተርሚናል ላይ ቪኤኢንፎ የሚባለውን መሣሪያ ያስኬዱ። ረጅም ዝርዝር ያወጣል። በየመስመሩ መጨረሻ «ቪኤልዲ» የሚለው ማጫወትን ብቻ ያመለክታል፤ የሚፈልጉት «ኢንክስላይስ» የሚለውን ነው። ኤችኢቪሲ ከሚለው ስም አጠገብ ቪኤልዲ ብቻ ካዩ ኢንኮደሩ አልተገኘም ማለት ነው። «ኢንክስላይስኤልፒ» ብቻ ከሆነ ደግሞ ቺፑ የሚሠራው በአነስተኛ ኃይል ስልት ነው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ (ከተርሚናል ቪዲዮ የሚለውጠው ፕሮግራም) ላይ የሎው ፓወር ምርጫውን 1 ያድርጉት።

ዝርዝሩ በአስተዳዳሪ መብት ብቻ የሚታይ ከሆነ ችግሩ ድራይቨሩ አይደለም። የተጠቃሚ ስምዎን «ሬንደር» እና «ቪዲዮ» በሚባሉት ቡድኖች ውስጥ አስገብተው ከአካውንትዎ ወጥተው ይግቡ። ፍላትፓክ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ዘዴ የተጫነ ሃንድብሬክም (የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም) የክዊክ ሲንክ ፕለጊን ለብቻው ካልተጫነለት ምርጫውን አያሳይም።

ለሊኑክስ የማይሆን ፕሮግራም መምረጥ

ነጻው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሊኑክስ ላይ ኤች.264ን እና ኤች.265ን አይከፍትም፣ አያወጣምም፤ ለዚያ የሚከፈልበት ስቱዲዮ ያስፈልጋል። የካሜራዎ ፋይሎች በአብዛኛው እነዚህ ስለሆኑ ሪዞልቭ የለመደ ሰው ይህን ሳያውቅ ባይሻገር ይሻላል። ሾትከት በሚባለው ማቀናበሪያ ላይ ግን ኤክስፖርት ገጹ ውስጥ ሃርድዌር ኢንኮደር የሚለውን ምልክት አድርገው ያለውን እንዲፈልግ ማዘዝ ይበቃል። በእርግጥ መሥራቱን ለማወቅ ኤክስፖርቱ እየሄደ የግራፊክሱን ሥራ የሚያሳየውን የኢንቴል ጂፒዩ ቶፕን ተርሚናል ላይ ይክፈቱ፤ «ቪዲዮ» የሚለው መስመር ዜሮ ላይ ከቆመ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው።

የጥራት ቁጥርን እንዳለ መገልበጥ

ኤክስ264 (በፕሮሰሰሩ የሚሠራ የኤች.264 ኢንኮደር) ላይ ሲጠቀሙበት የኖሩት ሲአርኤፍ የሚባለው የጥራት ቁጥር ለሃርድዌር ኢንኮደር አይሠራም፤ በተመሳሳይ ቢትሬትም (በሰከንድ በሚይዘው የመረጃ መጠን) የሃርድዌሩ ምስል ከዘገምተኛው ኤክስ264 ያነሰ ነው። ዩቲዩብ ለ1080ፒ በ24–30 ፍሬም 8 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል። በድሮ ትውልድ ቺፕ የሠርግ ቪዲዮ ሲያወጡ 12 ያድርጉት። ፍተሻውን ጸጥ ባለ ቃለ መጠይቅ አያድርጉ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ወረቀት የሚበተንበትን ወይም በደበዘዘ መብራት የሚጨፈርበትን 30 ሰከንድ ቆርጠው ያውጡ። ቬሎው ላይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ከታዩ ቢትሬቱ አንሷል።

ቢትሬት ሲጨምር ፋይሉም ይጨምራል። በ12 ሜጋቢት የ90 ደቂቃ ቪዲዮ 8 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ በፋት32 ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን ኤክስፋት ያድርጉት፤ የደንበኛው ቴሌቪዥን ኤክስፋት የማያነብ ከሆነ ቪዲዮውን በ40 በ40 ደቂቃ ይክፈሉት።

ራምና ሙቀት

የውስጥ ግራፊክሱ የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን ራም ነው። ሁለት ማስገቢያ ባለው ማሽን ላይ ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 ይሻላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ስሱ አየሯ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው፤ አቧራ የሞላው ማራገቢያ ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በጥር የሠርግ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያስጸዱት።

ዊንዶውሱ ሳይዘጋ ወደ ሊኑክስ መሻገር

ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው ፋስት ስታርታፕ ካልጠፋ ሲስተሙ ግማሽ ተኝቶ ነው የሚቀረው፤ ሊኑክስም የጋራውን ዲስክ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ኤክስፖርቱም «መጻፍ አልተቻለም» ብሎ ይቆማል። ከዊንዶውስ የፓወር ምርጫዎች ውስጥ ያጥፉት። ሰዓቱም በ3 ሰዓት ይዛባል፤ ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፉ፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አገሩ ስለሚያነቡት ነው። የሁለት ካሜራ ፋይሎችን በሰዓት ለሚያሰልፍ ሰው ይህ ከባድ ራስ ምታት ስለሆነ ሊኑክሱ እንደ አገሩ ሰዓት እንዲያነብ ያድርጉት።

በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 መቅዳት

ኦቢኤስ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ በተለመደው ኤምፒ4 ሲቀዱ የፋይሉ ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ የሁለት ሰዓት ቅጂ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይቀራል። ኤምኬቪ ይምረጡ፤ መብራት ቢሄድ እንኳ እስከዚያች ቅጽበት የተቀዳው አይጠፋም። ሥራው ሲያልቅ ከኦቢኤስ የፋይል ዝርዝር ውስጥ ሪመክስ የሚለውን ተጭነው ወደ ኤምፒ4 ይለውጡት። እንደገና ኢንኮድ ስለማያደርግ ጥራቱ አይነካም፣ ጊዜም አይወስድም።