ስፋቱ ቋሚ ለሆነ ቬክተር የኮምፓይለር አትሪቢዩት እንዴት ይነደፋል?

አንድ የብራና መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ ተገለበጠ እንበል፤ ጎንደር ውስጥ ለዚህ የሚሆን ብራና አይታጣም። ቃላቱን ለመቁጠር ሁለት ነጥብንና አራት ነጥብን መቁጠር በአብዛኛው ይበቃል። በዩኒኮድ ሁለት ነጥብ 4961፣ አራት ነጥብ 4962 ነው። የፊደላችን ዋና ሰንጠረዥ ከ4608 እስከ 4991 ስለሚዘልቅ እያንዳንዱ ምልክት በ16 ቢት ይያዛል። ስለዚህ 512 ቢት የሚይዝ ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የሥራ ቦታ) 32 ምልክቶችን በአንድ ትእዛዝ ያወዳድራል፤ እንዲህ በአንድነት የሚሠራባቸው የቁጥሮች ረድፍ ቬክተር ይባላል።

ፕሮግራም ጸሐፊው በዚህ እንዲጠቀም ቋንቋው «የዚህ ዓይነት ስፋት 512 ቢት ነው» የሚባልበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ያ መንገድ የዓይነት አትሪቢዩት፣ ማለትም ከዓይነቱ ጋር የሚጻፍ ተጨማሪ መግለጫ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ሲን የመሰለ ቋንቋ ተንትኖ ለኤልኤልቪኤም (የማሽን ኮድ ለሚያወጣው ዝግጁ መሣሪያ) የሚያስረክብ ኮምፓይለር ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፉ ናቸው። በምሳሌዎቹ ቁልፍ ቃላቱ አማርኛ ናቸው።

ደረጃ 1፦ መለኪያውን ምረጡ

በቅንፍ የሚገባው ቁጥር ምንን ይቆጥራል? ነባሮቹ ኮምፓይለሮች እዚህ ላይ አልተስማሙም። የጂሲሲ «ቬክተር ሳይዝ» ባይት ይቆጥራል፤ የክላንግ «ኤክስት ቬክተር ታይፕ» የአባላትን (በቬክተሩ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች) ብዛት ይቆጥራል፤ ለአርም ኤስቪኢ (ለአርም ፕሮሰሰሮች የቬክተር ትእዛዞች ስብስብ) የወጣው አትሪቢዩት ደግሞ ቢት ይቆጥራል። 16 ብሎ የጻፈ ሰው በመጀመሪያው አራት ባለ 32 ቢት ቁጥሮች፣ በሁለተኛው አሥራ ስድስት ያገኛል። ቢትን ምረጡ፤ የፕሮሰሰር መመሪያዎች የሬጅስተርን ስፋት የሚገልጹት በቢት ነው። መለኪያውንም በስሙ ውስጥ አስገቡት፦

ዓይነት ፊደላት = አዎንታዊ16 @ቬክተር_ቢት(512)፤

ደረጃ 2፦ የት ሊጻፍ እንደሚችል ወስኑ

አትሪቢዩቱ ተለዋዋጭ በሚታወጅበት መስመር ላይ ከተፈቀደ የፖይንተር ጥያቄ ወዲያው ይነሳል፦ ቬክተሩ ፖይንተሩ ነው ወይስ ፖይንተሩ የሚያመለክተው? ጂሲሲ ፖይንተሩን አልፎ ወደ መሠረታዊው ዓይነት ይወርዳል፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ ግን ከመስመሩ ሊረዳው አይችልም። ከላይ እንዳለው አዲስ ዓይነት ሲሰየም ብቻ ፍቀዱት። ፓርሰሩም ይቀላል፣ የስህተት መልእክቱም አጭር ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ፍተሻ

ቁጥሩ በኮምፓይል ጊዜ የሚታወቅ ቋሚ፣ ከዜሮ የሚበልጥ፣ ለአባሉ ስፋት ያለ ቀሪ የሚካፈል ይሁን። አባሉ ኢንቲጀር ወይም ፍሎት ብቻ ይሁን፤ ስትራክት አትቀበሉ። የአባላት ብዛት የ2 ርቢ እንዲሆን ማስገደድም ጥሩ ነው። ሦስት አባላት ያሉት ቬክተር ከፈቀዳችሁ መጠኑ 12 ባይት ነው ወይስ 16 የሚል ክርክር ይመጣል፤ ክላንግ ሦስት ፍሎት ለያዘ ቬክተር 16 ባይት ይሰጣል፣ አራተኛው ቦታ ባዶ ይቀራል።

ኤስቪኢን የምትደግፉ ከሆነ አንድ ፍተሻ ይጨመራል። የኤስቪኢ ሬጅስተር እንደ ፕሮሰሰሩ ከ128 እስከ 2048 ቢት ሊሆን ይችላል፤ የፉጋኩ ሱፐርኮምፒውተር ፕሮሰሰር 512፣ የአማዞን ግራቪቶን3 ደግሞ 256 ነው። ስለዚህ በአትሪቢዩቱ ያለው ቁጥር ለኮምፓይለሩ በትእዛዝ መስመር ከተሰጠው ስፋት ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ስህተት ነው፤ ማስጠንቀቂያ አይበቃም። መልእክቱ ሁለቱንም ቁጥሮች ይጥቀስ፦ «512 ተጽፏል፣ የተመረጠው ስፋት ግን 256 ነው»።

ደረጃ 4፦ ከዓይነቱ ማንነት ጋር አዋህዱት

ዲዛይኑ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው እዚህ ነው። አትሪቢዩቱን ከዓይነቱ አጠገብ እንደተለጠፈ ማስታወሻ ካስቀመጣችሁት፣ ዓይነቱ ሌላ ስም ሲሰጠው፣ በጄነሪክ ሲያልፍ ወይም ወደ መሠረታዊ መልኩ ሲመለስ ማስታወሻው ይረግፋል። ያን ጊዜ 512 ቢት የነበረው ነገር ተራ 16 ቢት ቁጥር ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ሁለት የተለያዩ ስፋቶች «አንድ ዓይነት» ተብለው ያልፋሉ።

ስለዚህ «ቬክተር» የሚባል ራሱን የቻለ የዓይነት መዋቅር ሥሩ። በውስጡ ሦስት ነገሮች ይኑሩ፦ የአባሉ ዓይነት፣ የአባላት ብዛት እና የቬክተሩ ወገን። ሦስቱም በአንድነት የልዩነት ቁልፍ ናቸው፤ ሁለት ቬክተሮች አንድ የሚሆኑት ሦስቱም ሲገጥሙ ብቻ ነው። ወገን የሚባለው ተራውን ቬክተር፣ ከኤስቪኢ የመጣውን ዳታ እና ከኤስቪኢ የመጣውን ፕሬዲኬት (ስሌቱ የትኞቹን አባላት እንደሚነካ የሚናገር የቢት ረድፍ) የሚለየው ነው። ክላንግም ውስጡ እንዲህ ያለ መለያ አለው። ትርፍ ይመስላል፣ ግን የሚቀጥሉት ሁለት ደረጃዎች ያለ እሱ አይሠሩም።

ደረጃ 5፦ መጠንና አሰላለፍ

የዳታው መጠን ቀላል ነው፦ 512 ለ8 ሲካፈል 64 ባይት። ፕሬዲኬቱ ግን ለእያንዳንዱ የዳታ ባይት አንድ ቢት ስለሚይዝ 64 ቢት፣ ማለትም 8 ባይት ነው። ወገኑን ያልለየ ኮምፓይለር ለፕሬዲኬቱም 64 ባይት ይመድባል፤ ከዚያ በኋላ በስትራክት ውስጥ የሚከተለው ሁሉ ቦታው ይዛባል።

አሰላለፉ፣ ማለትም ዓይነቱ የሚቀመጥበት አድራሻ ለስንት መካፈል እንዳለበት፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተራ ባለ 64 ባይት የጂሲሲ ቬክተር ለ64 የሚካፈል አድራሻ ይፈልጋል፤ ከኤስቪኢ የመጣው ግን ለ16 የሚካፈል ይበቃዋል፣ ፕሬዲኬቱም ለ2። በ64 ቢት ሊኑክስ ሜሞሪ የሚመድበው ማሎክ ዋስትና የሚሰጠው ለ16 ብቻ ነው። ዓይነቱ 64 እያለ ሜሞሪው በማሎክ ከመጣ፣ ኮምፓይለሩ ዓይነቱን አምኖ የተሰለፈ አድራሻ የሚጠይቀውን የኢንቴል ትእዛዝ ያወጣል፤ ፕሮግራሙም አንዳንዴ ብቻ ይሞታል። አንዳንዴ የሚሆነው አድራሻው በዕድል ለ64 የሚካፈልበት ጊዜ ስላለ ነው። ሁለት መፍትሔ አለ፦ 16ን ነባሪ ማድረግ፣ ወይም አሰላለፉ የአባሉን ያህል ብቻ የሆነ ሁለተኛ ዓይነት መስጠት። ለአዲስ ቋንቋ የመጀመሪያው ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ስሌትና ቅያሬ

መደመር፣ መቀነስና ማወዳደር በየአባሉ ይሠራሉ። የማወዳደር ውጤት ያው ስፋት ያለው ባለ ምልክት (አሉታዊ ቁጥርም የሚይዝ) የኢንቲጀር ቬክተር ይሁን፦ እውነት −1፣ ሐሰት 0። ለቃል ቆጠራችን ይህ ምቹ ነው፤ ከቆጣሪው ላይ −1ን መቀነስ 1 መጨመር ነው። ቆጣሪው ግን አሉታዊ የማይይዘው አዎንታዊ16 ስለሆነ ባለ ምልክቱን ውጤት መቀላቀል በግልጽ የተጻፈ ቅያሬ ይጠይቅ። ጂሲሲም በምልክት የሚለያዩ ቬክተሮችን ያለ ቅያሬ ማስላት አይፈቅድም። በተጨማሪ አንዱ አባል 65,535 ዙር ከቆጠረ በኋላ ወደ ዜሮ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ በየ65,535 ዙሩ፣ ማለትም ቢበዛ በየ2,097,120 ምልክቱ፣ ድምሩን ወደ 64 ቢት አውጡ።

በራሱ የሚሆን ቅያሬ አንድ ብቻ ፍቀዱ፦ ስፋቱ በቋሚነት ከታሰረው የኤስቪኢ ዓይነት ወደ ራሱ ስፋት-አልባ (ስፋቱ በኮምፓይል ጊዜ ወደማይታወቅ) መሠረት፣ ከዚያም ወደ ኋላ። ይህ ካልተፈቀደ አብሮ የተሰጠውን የአርም ፈንክሽን ለመጥራት በየመስመሩ መቀየር ይኖርባችኋል። ተራ ቬክተርና የኤስቪኢ ቬክተር በአንድ ስሌት ሲገናኙ ግን ውጤቱ የማንኛው እንደሆነ መወሰን ስለማይቻል ከልክሉ።

ደረጃ 7፦ ወደ ፈንክሽን ማስተላለፍ

በ64 ቢት አርም ላይ 8 ወይም 16 ባይት የሆነ ተራ ቬክተር በሬጅስተር ይተላለፋል፤ ከ16 ባይት የበለጠው በሜሞሪ ተቀምጦ አድራሻው ይሰጣል። ከኤስቪኢ የመጣው ባለ 64 ባይት ግን እንደ መሠረቱ በኤስቪኢ ሬጅስተር ይሄዳል። ይዘታቸው አንድ ሆኖ መንገዳቸው ይለያያል ማለት ነው። ጠሪው በሜሞሪ ሰጥቶ ተጠሪው ሬጅስተር ውስጥ ከፈለገ የተገነቡትን ፋይሎች የሚያገናኘው ሊንከር አያውቅም፤ የሚታየው የተበላሸ ቁጥር ብቻ ነው። መከላከያው ሊንከሩ በሚያየው የፈንክሽን ስም ውስጥ ወገኑንና ስፋቱን መጻፍ ነው። ክላንግ ለሲ++ ይህን ያደርጋል። ስም በማይለወጥበት የሲ ትስስር ግን ይህ መከላከያ የለም፤ እዚያ ላይ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ስጡ።

ደረጃ 8፦ ኮድ ማውጣት

ለኤልኤልቪኤም የምታስረክቡት 32 ባለ 16 ቢት አባላት ያለው ቋሚ ቬክተር ነው። ስፋት-አልባው ዓይነት እዚያ «ቪስኬል ሲባዛ 8» ተብሎ ይጻፋል፤ ቪስኬል በኤስቪኢ ላይ ስፋቱ ለ128 ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ ለ512 ቢት 4 ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በኤልኤልቪኤም የቬክተር ማስገቢያና ማውጫ ኢንትሪንሲክ (አብሮ በተሠራ ፈንክሽን) ከቦታ 0 ተሻገሩ። በስታክ ጽፎ መልሶ ማንበብም ይሠራል፣ ፍጥነቱን ግን ይገድለዋል። በየፈንክሽኑ ላይ የቪስኬል ክልል ከ4 እስከ 4 መሆኑን ከጻፋችሁ ማሻሻያው ክፍል ብዙ ትርፍ ኮድ ይጥላል።

ኤልኤልቪኤምን ከምንጩ የምትገነቡ ከሆነ ዒላማውን በአርምና በኢንቴል ወስኑ፣ የሪሊዝ ግንባታ ምረጡ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራውን የሊንክ ሥራ 1 አድርጉ፤ አለዚያ ሜሞሪ ያልቃል። በኒንጃ (ግንባታውን በሚያስኬደው መሣሪያ) መገንባት ለጎንደር ይስማማል፦ መብራት ቢጠፋ ተጠናቀው የነበሩት ፋይሎች ይቆያሉ፣ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል።

ደረጃ 9፦ በተለያየ ስፋት ፈትሹ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢም ሆነ ቤት የሚገኘው ላፕቶፕ በአብዛኛው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው፤ ኤስቪኢ የለውም። ሌላ ፕሮሰሰርን የሚያስመስለው ኪው-ኢሙ ይተካዋል፤ የፕሮሰሰሩን ስፋት 256 ወይም 512 ብላችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። መጀመሪያ መቀበል የሌለባቸውን ፈትሹ፦ ዜሮ፣ አሉታዊ፣ 500፣ የስትራክት አባል፣ ከትእዛዝ መስመሩ የተለየ ስፋት። ቀጥሎ መጠንና አሰላለፍን፦ 64 እና 16፣ ለፕሬዲኬቱ 8 እና 2።

በመጨረሻ ለ512 የተገነባውን ፕሮግራም ሆን ብላችሁ በ256 አስኪዱት። ምንም ሳያጉረመርም የተሳሳተ የቃል ብዛት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሬጅስተሩን ስፋት በባይት የሚያነብ ትእዛዝ አስገቡ፤ 64 ካልሆነ መልእክት ጽፎ ይቁም።