አያታችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ጎጃም ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ሰርግ አይደለም። ቤተሰባችሁ ከየት ከየት እንደተሰባሰበ ማወቅ ለምትፈልጉ ነው። በተለይ «እኛ ከጥንትም እዚሁ ነን» ለምትሉ (እኔም እል ነበር)።

መጀመሪያ ነገር፣ «ዘራችን ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ዘንድሮ ይቺ ጥያቄ ሰው ታስደነግጣለች። አያቴን እንዲያ ብላት እንዝርቷን አስቀምጣ «ምነው፣ መታወቂያ ልታወጣ ነው?» አለችኝ። በቃ፣ ተዘጋ። ሌላ ቀን ቡና ላይ «እምዬ፣ የእናትሽ አገር ወዴት ነበር?» ስላት ግን በረካው እስኪጠጣ አላባራችም።

ሁለተኛ፣ በእናት በኩልም ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ በወንድ በኩል ብቻ ይወጣና አምስተኛው ላይ ይቆማል። ድሮ ጎጃም ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም ይጠየቅ ስለነበር ሽማግሌዎቹ የሴቶቹንም ስም ጥንቅቅ አድርገው ይዘው ነበር፣ መሬት ነዋ! በ1967 መሬት የሕዝብ ነው ሲባል ቆጠራው የክርክር ማስረጃነቱ ቀረ። የሴቶቹ ስም ቶሎ የጠፋብን ለዚህ ይመስለኛል። እናም በሰፈራችሁ ያኔ ርስት የተከራከረ ሽማግሌ ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ።

የኔም ጉድ የወጣው በእናት በኩል ነው። አራተኛዋ ሴት ከባንጃ፣ «ሰባት ቤት አገው» ከሚባሉት ከአዊ አገዎች ሆና ተገኘች። «አገውኛ ታወራ ነበር?» አልኳት አያቴን።

«ከላሞቹ ጋር ብቻ።»

ዓመተ ምሕረት ደግሞ አትጠይቁ፣ ማንም አይነግራችሁም። «ጣሊያን ሲገባ እናትሽ አግብታ ነበር?» በሉ፤ 1928ን አገኛችሁ ማለት ነው። የጎጃም ገበሬ በግብር ያመፀው 1960 ነው። ድርቁ 77። በዚያ ድርቅ ከወሎም ከሌላም ቦታ ብዙ ሰው መተከል ውስጥ ፓዌ ላይ ሰፍሯል፣ መተከል ያኔ ጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር። ጎረቤታችሁ በዚያ በኩል የመጣ ከሆነ እሱንም ጠይቁት፤ የሱም ታሪክ የጎጃም ታሪክ ነው።

ሰው የረሳውን አንዳንዴ የቦታ ስም ይዞት ይገኛል። ሜጫ የምንለው አካባቢ ስሙ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ዳሞት ድሮ ከዓባይ ወዲያ ማዶ ነበር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግድም ሕዝቡ ሲሻገር ስሙንም ይዞት ተሻገረ። ጋፋትኛም እዚሁ ጎጃም ይነገር ነበር፣ ዛሬ የሚናገረው የለም። ተናጋሪዎቹ የት ሄዱ እንዳትሉኝ፣ የትም አልሄዱም፣ አማርኛ እያወሩ ነው።

ስትጽፉ ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት። በግምት አትሙሉ፣ በተለይ ደጃዝማች አትጨምሩ (ሁሉም ቤት አንድ ደጃዝማች ይወዳል)። እኔ ሦስት ባዶ ቦታ አለኝ። ከጨረሳችሁ በኋላ ኮፒ አድርጋችሁ ለነገራችሁ ሰው ስጡ። አያቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን ወረቀቱን ሙዳይዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ፊደል የቆጠረ እንግዳ ሲመጣ ታወጣና ታስነብበዋለች። የባንጃዋ ሴትዮ ጋ ሲደርስ «እስቲ እሷን ድገማት» ትላለች።