ታክሲው ሌላ መንገድ ላይ እየቆመ ላስቸገራችሁ

በስልክ መተግበሪያ የጠራሁት ታክሲ እኔ ያለሁበት አይመጣም ነበር። አንዳንዴ ጭራሽ ሌላ ሰፈር፣ አንዳንዴ ከሕንፃው ጀርባ ይቆማል። ካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብም አንድ ቦታ አትረጋም።

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። መተግበሪያውን አውጥቼ እንደገና ጫንኩት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

በመጨረሻ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የመተግበሪያውን የሎኬሽን ፈቃድ ከፈትኩ። ትክክለኛ ቦታ የሚያሳየው ማብሪያ ጠፍቷል! ይህ ምርጫ ከአንድሮይድ 12 እና ከአይፎኑ አይኦኤስ 14 ጀምሮ አለ። ሲጠፋ መተግበሪያው የሚደርሰው ግምታዊ አካባቢ ብቻ ነው። አበራሁት፤ ሌላ ሰፈር መሄዱ ቀረ።

ከሕንፃው ጀርባ መቆሙ ግን አልቀረም። የጂፒኤስ (የሳተላይት) ሲግናል ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ስልኩ ይሳሳታል። ገላጣ ቦታ ላይ በ5 ሜትር ገደማ ብቻ የሚሳሳተው ስልክ፣ በፎቆች መሃል ከመንገዱ ማዶ እንዳላችሁ ሊያሳይ ይችላል። እዚህ ላይ የረዳኝ ዋይፋይን ክፍት መተው ነው። መገናኘት አያስፈልግም፤ ስልኩ በዙሪያው ያሉትን ዋይፋዮች አይቶ ቦታውን ያርማል።

አሁን ታክሲው በር ላይ ይመጣል። በተለይ ማታ ብቻችሁን የምትወጡ፣ ዛሬውኑ ፈቃዱን እዩት። ከማዘዛችሁ በፊትም ካርታው ላይ ያለችውን የመነሻ ምልክት በጣት ጎትታችሁ በራችሁ ላይ አድርጓት።